ስለ ገመድ አልባ ድምፅና ስለ መንገዱ አከፋፈል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን በፊዚክስ ክበባችን ስም ጥቂት ቃል እናገራለሁ። የምናገረው ስለ ራሳችን ጥፋት ነው።

ባለፈው ዓመት በወላጆች ቀን ከክፍላችን አንዲት ልጅ የጻፈችውን ድርሰት ታነብ ነበር። እናቷም ይህን ለመስማት ከአቡነ ዮሴፍ ሥር ካለው መንደራቸው ሌሊት ተነሥተው በእግራቸው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። ማይክሮፎኖቹን ያሰናዳነው እኛ ነበርን። ሁለቱ ሲከፈቱ መልካም ነበር፤ ሦስተኛው እንደ ተከፈተ ግን የልጅቱ ድምፅ እየተቆራረጠ በጩኸት ተዋጠ። ባትሪ ለወጥን፤ ድምፅ ማጉያውን አዟዟርን፤ አልሆነም። እናቲቱ የልጃቸው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ አይተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። እኔም አፍሬ ምክንያቱን ስፈልግ ከረምኩ።

አባቶቻችን ገመድ አልባውን መሣሪያ የነፋስ ስልክ ብለውት ነበር፤ በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ የተባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ስሙ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የሬዲዮ ሞገድ ነፋስ አያሻውም፤ አየር በሌለበት ጠፈርም ያልፋል። አንዱን ሞገድ ከሌላው የሚለየው በሴኮንድ የሚርገበገበው ብዛት፣ ማለት ፍሪኩዌንሲው ነው። አንድ ሜጋኸርትዝ ማለት በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ መርገብገብ ነው። ተቀባዩ መሣሪያ ከብዙው መካከል የራሱን ቁጥር ይመርጣል፤ ሁለት ተናጋሪዎች በአንድ ቁጥር ቢመጡበት ግን መለየት ይቸግረዋል።

ይህን እናውቅ ስለ ነበር ለሦስቱ ማይክሮፎኖች 600.0፣ 600.4 እና 600.8 ሜጋኸርትዝ ሰጠናቸው። ርቀታቸው እኩል በመሆኑ እንዲያውም ኮርተን ነበር። ጥፋቱ ግን ይኸው እኩልነት ነው። ሁለት ብርቱ ሞገዶች በአንድ መሣሪያ ውስጥ ሲገናኙ ማንም ያልላከው ሌላ ሞገድ ይወልዳሉ። ቁጥሩም የአንዱ በ2 ተባዝቶ የሌላው ሲቀነስ ይገኛል። እስቲ አስሉት፤ 600.4 በ2 ሲባዛ 1200.8 ነው፤ ከዚህ 600.8 ሲቀነስ 600.0 ይቀራል። ይህ ልጅቱ የያዘችው ማይክሮፎን ነው!

ስለዚህ ሦስተኛውን ወደ 601.2 አዛወርነው። ከሦስቱ የሚወለዱትን የዚህ ዓይነት ሞገዶች በወረቀት አሰላን፤ አንዱም በሦስቱ ላይ አያርፍም። ያልተስተካከለ የሚመስለው አቀማመጥ ትክክለኛው ሆነ።

የዋይ ፋይ ነገርም ከዚህ አይርቅም። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ያሉት 13 ቻናሎች በመካከላቸው ያለው ርቀት 5 ሜጋኸርትዝ ብቻ ሲሆን የእያንዳንዱ ስፋት ግን 20 ያህል ነው። አንዱ ሆቴል 3ን፣ ጎረቤቱ 5ን ቢይዝ ይረባበሻሉ፤ 1፣ 6 እና 11ን ቢካፈሉ ግን ሦስት ጎረቤቶች በሰላም ያድራሉ። አራተኛ ጎረቤት ሲመጣስ? ያን ጊዜ ተራ መጠበቅ ነው። እኛ ላሊበላዎች ይህን በገና ቀን በቤተ ማርያም እናየዋለን፤ ቤዛ ኩሉ ሲባል ከላይ ያሉት ካህናት ሲያዜሙ ከታች ያሉት ይቆያሉ፤ ቀጥሎም የታችኞቹ ይቀበላሉ። በአንድ ቻናል ያሉ የዋይ ፋይ መሣሪያዎችም ሌላው ዝም እስኪል ያዳምጣሉ።

ተራራችንም ድርሻ አለው። ከ4,200 ሜትር በላይ የሆነው አቡነ ዮሴፍ እንዲህ ያለውን ሞገድ ይጋርዳል። ዘመዱን በስልክ ለሚፈልግ ሰው ይህ ችግር ነው፤ ፍሪኩዌንሲ ለሚያከፋፍል ግን ከጋራው ወዲህ የተሠራበትን ቁጥር ከጋራው ወዲያ ደግሞ እንዲሰጥ ያስችለዋል።

ሞገድ ድንበር ስለማያውቅ መንግሥታት በ1906 እ.ኤ.አ. በበርሊን ተሰብስበው ስለ ሬዲዮ ተዋውለዋል። በአገራችንም ፍሪኩዌንሲ የሚያከፋፍለው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

እናቲቱ ዘንድሮም መጥተዋል፤ እነሆ በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከእኔ ቀጥላ ያንኑ ድርሰት ታነባለች። ሦስቱም ማይክሮፎኖች ከጧት ጀምሮ ተከፍተዋል።