የታመመች ላም አትደበቅ
(በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድር ስለ ሰው ሞት ይመክራል እንጂ ስለ ከብት ሞት ምን አገባው የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ያገባዋል እንላለን። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረውን ክፉ ቀን ከአያቶቻችን ሰምተናል። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ የከብቱን ሞት የሰው ሞት ተከተለው። ይህ በሽታ ከምድር መጥፋቱ የታወጀው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው።

ሌሎቹ በሽታዎች ግን አልጠፉም። አፍተግርን እንውሰድ። እንግሊዝ አገር ሁለት ጊዜ ገብቶ ሁለት ዓይነት ሂሳብ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሳይታወቅ ሰንብቶ በገበያ በኩል ተበተነ፤ ሲደረስበት ከ50 በላይ እርሻዎች ተይዘው ነበር። ከ6 ሚሊዮን የሚበልጡ እንስሳት ተገደሉ፤ ኪሳራውም ወደ 8 ቢሊዮን ፓውንድ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን በሽታው እንደ ተረጋገጠ የከብት ዝውውር ወዲያው ታገደ። የተያዙት እርሻዎች 8 ብቻ ሆኑ፤ ኪሳራውም 150 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ላይ ቆመ። ልዩነቱ ሁሉ ከፍጥነት ብቻ የመጣ ባይሆንም፣ የጥቂት ቀን መዘግየት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳያል።

ታዲያ ሰው ለምን ይደብቃል? ክፋት ሆኖ አይደለም፤ ሂሳብ ነው። ላሟ ስታነክስ፣ ለሃጯ ሲዝረበረብ አይቶ ቀድሞ የተናገረ ሰው ወተቱን የሚገዛው ያጣል፤ ገበያም ይዘጋበታል። ጥቅሙ ግን የጎረቤቱ ሁሉ ነው። ዝም ብሎ ቅዳሜ ገበያ የነዳት ደግሞ ዋጋዋን ይዞ ይገባል፤ በሽታውን ይዞ የሚገባው ሌላ ነው። እንግዲህ የመናገር ዕዳ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ እስካለ ድረስ «አትደብቁ» የሚል ምክር ብቻውን አይሠራም።

ይህን እኛ የዕድር ሰዎች ልንስተው አይገባም። ቀብር ለአንድ ቤት ይከብዳልና በየወሩ እናዋጣለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም?

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ላምም ሆነ በግ ወይም ዶሮ የምናረባ ሁሉ፣ ያልለመድነውን ምልክት ባየን ዕለት እንስሳውን ለይተን ለእንስሳት ሐኪም እንንገር፤ ወደ ገበያም አንንዳ። ሁለተኛ፣ ቀድሞ በመናገሩ የተጎዳ አባል ቢኖር ዕድሩ የሚያግዝበትን መጠነኛ መዋጮ ጉባኤው ይወያይበት። ለሞተው ማዋጣት የለመድን ሰዎች፣ ለሚድነው ማዋጣት አያቅተንም።