ካስማ የምንተክለው የት ነው?
በቀድሞ ተማሪዎች መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር



ጂኦፊዚክስ መማሬን የሰሙ የደካ ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፤ «የእኛስ መሬት ይሰምጥ ይሆን?» መልሱ እንዲህ ባጭሩ የሚያልቅ አይደለም።

መሬት ድንገት ይሰምጣል ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ በስንጥቁ ይገባና ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። በባሌ የወይብ ወንዝ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የሶፍ ዑመር ዋሻ የፈለፈለው እንዲሁ ነው። እሱስ ይታያል፤ አስፈሪው ያልታየው ነው። ላዩ እርሻ ወይም መንገድ፣ ውስጡ ባዶ!

ይህን ለመፈለግ የብረት ካስማዎች በመስመር ተክለን ኤሌክትሪክ እንለቃለን፤ መሬቱ ፍሰቱን ምን ያህል እንደሚቋቋም እንለካለን። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አየር የሞላው ጉድጓድ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ያው ጉድጓድ ጭቃ ወይም ውሃ ሲሞላ ግን በደንብ ያሳልፋል። ባለቀለሙን ምስል አይቶ ወዲያው «አገኘሁት» የሚል ባለሙያ ያሰጋኛል። ሁለተኛ ዘዴ፣ ለምሳሌ የስበት ልኬት፣ ከዚያም ቁፋሮ ያስፈልጋል። የምድር ራዳርማ እርጥብ ሸክላማ አፈር ላይ ብዙ አያይም፤ አፈሩ ሞገዱን ገና ከላይ ይውጠዋል።

ወደ ከፋ ስንመጣ ዐለቱ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ የሶፍ ዑመር ዓይነቱ ስጋት ብዙም አይታየኝም። መሬቱ አይከዳም ማለቴ ግን አይደለም። የግልገል ጊቤ ሁለት 26 ኪሎ ሜትር የውሃ መተላለፊያ ዋሻም የተቆፈረው በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ነበር፤ ጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ከፊሉ ተደረመሰ።

ለእኛ የሚያሰጋው ተዳፋቱ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ሰው አልቋል፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። እነዚያው ካስማዎች እኮ ለዚህም ይሆናሉ፤ ውሃ የጠጣው አፈር ከዐለቱ በላይ ምን ያህል እንደወፈረ፣ የት ላይ ሊንሸራተት እንደሚችል ይጠቁማሉ። በበጋ አንዴ ለክቶ መተው ግን አይበጅም። ክረምት ሲገባ ያው መስመር ይደገም፤ ውሃው የሚሄድበትን የሚያሳየው ልዩነቱ ነው።

መምህራን፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁን ለመስክ ልምምድ ስታወጡ ሜዳ አትፈልጉላቸው፤ ከትምህርት ቤትና ከጤና ጣቢያ በላይ ካሉት ዳገቶች አስጀምሯቸው። መዶሻና ሽቦ የሚሸከም ከጠፋ እኔን ጥሩኝ።