ከግድግዳው የተጠጋው አልጋ
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያህ አንድ ቁም ነገር ንገረን» ሲሉኝ ትዝ ያለኝ ዶርማችን ነው። ታስታውሳላችሁ፤ መስከረም ስንመለስ ክፍሉ ተዘግቶ ከርሞ ግድግዳው ጥግ ጥጉን ጠቁሮ ይጠብቀን ነበር። አልጋው ከዚያ ግድግዳ የተጠጋው ጓደኛችን ሌሊቱን ሲያስል ያድራል፤ ደረቱ ያፏጫል። እኛ ደግሞ «ብርድ መቶት ነው» ብለን መስኮቱን ግጥም አድርገን ዘጋን፤ ያጠብነውንም ልብስ እዚያው አሰጣን። አዝነንለት ነበር እኮ! ግን ባሰበት። ይኸው ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጧል፤ በፊታችሁ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ነገሩ የገባኝ ሐኪም ከሆንኩ በኋላ ነው። ከትንፋሻችንና ከእርጥብ ልብስ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፍና ሻጋታ ያበቅላል። ፍራሽ ውስጥ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ተባዮችም ውሃ አይጠጡም፤ እርጥበቱን ከአየሩ ነው የሚስቡት። የክፍሉ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሲቆይ መኖር ይከብዳቸዋል። የሻጋታው ብናኝና የተባዮቹ ኩስ አለርጂና አስም ይቀሰቅሳሉ።

ታዲያ አየሩን ማድረቅ ነው መፍትሔው? እሱም ልክ አለው። ውጭ አገር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ በብርዱ ወራት ማሞቂያው ሲሠራ የቤቱ አየር ይደርቃል፤ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ የልጆች ችፌ ይብሳል፣ አፍንጫ ይደማል። ያኔ አየር የሚያረጥብ መሣሪያ ይገዛና ሌት ተቀን ይከፈታል። መስኮቱ ላይ ውሃ መንጠባጠብ ከጀመረ ግን የዶርማችን ታሪክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ስለዚህ በግምት አትሂዱ። የእርጥበት መለኪያ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ከ30 እስከ 50 በመቶ ካሳየች ጥሩ ነው። አልጋውን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጉት፤ ምግብ ሲበስል መስኮት ክፈቱ። ቆዳችሁ ከደረቀ ገላችሁን እንደታጠባችሁ ቅባት ተቀቡ። የአስም መድኃኒት ግን ሐኪም ሳያዝ አይቋረጥም።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አለኝ። ለዶርሞቹ ቀለም እናዋጣ ተብሏል፤ እኔም አዋጣለሁ። ግን መጀመሪያ የሚያፈሰው ጣሪያና ቧንቧ ይጠገን፤ የማይከፈቱት መስኮቶች ይከፈቱ። ሻጋታ ላይ የተቀባ ቀለም ዓመት አይሻገርም። ዛሬም ከዚያ ግድግዳ ተጠግቶ የሚተኛ ልጅ አለ፤ ለሱስ ይቅርታ ከመጠየቅ አስቀድመን ብንደርስለት ይሻላል።