ምጣዱ ስንት አምፔር ይስባል?

አቅራቢ ሀ፦ የሰርኪት ስሌት መነሻው የኦም ሕግ ነው፤ ቮልቴጅ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ከረንት ይገኛል። በኢትዮጵያ የቤት መስመር 220 ቮልት ስለሆነ፣ ባለ 3300 ዋት የእንጀራ ምጣድ፣ ዋቱ ለቮልቱ ሲካፈል፣ 15 አምፔር ይስባል።

አቅራቢ ለ፦ ሬዚስታንሱስ?

አቅራቢ ሀ፦ 220 ለ15 ሲካፈል 14.7 ኦም ገደማ። ሠልጣኞች በጥንድ መለማመዳቸው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ከዋት፣ ሌላው ከኦም ተነስቶ ያሰላል። መልሱ ካልገጠመ ስህተቱን አብረው ይፈልጋሉ።

አቅራቢ ለ፦ ከባዱ ፓራለል ነው። ሁለት ባለ 22 ኦም ማሞቂያዎች በሲሪየስ 44 ኦም፣ በፓራለል ግን 11 ኦም ይሆናሉ፤ ከረንቱም ከ5 ወደ 20 አምፔር ያድጋል።

አቅራቢ ሀ፦ ይህን የሳተ ሠልጣኝ ቀጭን ሽቦ ይመርጣል፤ ሽቦውም ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስሌቱ በባልደረባ ሳይታረም ሽቦ መመረጥ የለበትም።