ገበሬውና በሬው በድርቅ ዘመን



ድርቅ በገባበት አገር የሚሰማሩ የዕርዳታ ሠራተኞች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ቅሬታ አለ። ይኸውም ገበሬው ቤተ ሰቡ እየተራበ ሳለ በሬውን አልሸጥም ይላል፤ የቀረችውን ጉልበት ሣር ፍለጋ ይጨርሳል የሚል ነው። አንዳንዶችም ከዚህ ተነሥተው የገጠር ሰው ከልጁ ይልቅ ለከብቱ ያዝናል እስከ ማለት ይደርሳሉ። ይህ ፍርድ ችኩል ከመሆኑም በላይ በዕርዳታው አሰጣጥ ላይ ጉዳት የሚያስከትል ነው።

የወሎ ወይም የሰሜን ሸዋ ገበሬ በሬውን ቦራ፣ ዳልቻ፣ ቡሬ እያለ በመልኩ ይጠራዋል። ሲያርስ ያነጋግረዋል፤ ያሞግሰዋል፤ ሲለግምም ይወቅሰዋል። መኖ በጠፋ ጊዜ የገዛ ጎጆውን የክዳን ሣር እየመዘዘ ያበላዋል። ጣራው የተገፈፈ ቤት ያየ እንግዳ ነገሩ የድህነት ምልክት ብቻ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ባለቤቱ የመጪውን ዓመት እርሻ ለማትረፍ የከፈለው ዋጋ ነው። በዚህ ሥራው ፍቅሩ የቱ፣ ስሌቱ የቱ እንደ ሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም። መለየቱም አያስፈልግም።

በድርቅ ወራት የእህል ዋጋ ሲንር የከብት ዋጋ ይወድቃል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ለሽያጭ ያወጣልና፤ የከሳ በሬም ገዥ የለውም። ስለዚህ በመጀመሪያ በጉና ፍየሉ፣ ቀጥሎ ላሚቱ፣ በመጨረሻ የእርሻው በሬ ወደ ገበያ ይነዳል። በሬው ከተሸጠ ወዲያ ዝናብ ቢዘንብም ለዚያ ቤት ረሀቡ አላበቃም።

ጉዳቱም በአንድ ቤት አይወሰንም። ባለ አንድ በሬ የሆነ ገበሬ ከመሰሉ ጋር በመቀናጆ ተስማምቶ ቀን እየተከፋፈለ ያርሳል። የአንደኛው በሬ ሲሞት የሌላው በሬ በቁሙ ሥራ ፈት ይሆናል። የጎረቤት በሬ ሲወድቅ ሰፈሩ ተሰብስቦ ማዘኑ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ለእንስሳ የሚታዘነውና ለሰው የሚታዘነው በአንድ ቀንበር ተጠምደዋል።

አገሪቱ ይህን ከቀድሞ ጀምራ ታውቀዋለች። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰውና ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሚጠራው ረሀብ የድርቅ ብቻ ሳይሆን የበሬ እልቂትም ውጤት ነበር። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጀ፤ መሬቱ ሳለ የሚያርሰው ታጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ መሆናቸው በታሪክ ተጽፏል። የዚህ በሽታ ስም በአማርኛ «ደስታ» መሆኑ የሚያስገርም ነው። ከዓለም መጥፋቱ የተበሠረው በ2003 ዓ.ም. ነበር።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ገደማ ሕዝብ፣ ብዙውም ያለ ፈቃዱ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲወሰድ የተረፉትን ከብቶች ይዞ አልሄደም። በመተከል፣ በፓዌ የሰፈራ ጣቢያ፣ ምድሩ ለምለም ነበር፤ እርሻውም በትራክተር ይካሄድ ነበር። ይሁን እንጂ ፄፄ ዝንብ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ ባለበት ቆላ በሬ ማርባት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ዕድሜውን ሞፈር ጨብጦ የኖረ ሰው ሌላው ሲያርስለት ቆሞ ተመልካች ሆነ። የራሽን መዝገብ የሰፋሪውን የነፍስ ወከፍ እህል ይቈጥር ነበር፤ ለዚህ ዓይነቱ ጉድለት ግን ዓምድ አልነበረውም።

ስለዚህ የተጎጂዎች ምዝገባ ሲካሄድ የቤተ ሰቡ ቍጥር ከተጠየቀ በኋላ የቀሩት በሬዎች ስንት እንደ ሆኑና ከማን ጋር እንደሚቀናጁ ሊጠየቅ ይገባል። ከእህሉ ጋር ድርቆሽና ጭድ የሚጭን መኪና ሊመደብ፣ የእንስሳት ሐኪምም አብሮ ሊሄድ ያስፈልጋል። በልግ አብቃይ በሆኑት የወሎ ደጋዎች እርሻው ቀድሞ ስለሚጀመር መኖው ከታኅሣሥና ከጥር ማለፍ የለበትም። በየካቲት የሚደርስ ድርቆሽ ባዶ በረት ሊያገኝ ይችላል።