ሶዲየም ሲትሬት በደም ሥራ



በላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ ከሚገኙት ጨዎች መካከል እንደ ሶዲየም ሲትሬት ብዙ እያገለገለ ጥቂት የሚነገርለት የለም። ነጭ፣ ሽታ የሌለውና በውኃ ፈጥኖ የሚሟሟ ነው። ትውልዱ ከሎሚ ነው፤ ሲትሪክ አሲድን እ.ኤ.አ. በ1784 ከሎሚ ጭማቂ ለይቶ ያወጣው በስዊድን ይሠራ የነበረው ካርል ቪልሄልም ሼለ ነበር።

ጨውን ከደም ጋር ያገናኘው ካልሲየም ነው። ደም ያለ ነፃ ካልሲየም አይረጋም። ሲትሬት ካልሲየሙን ይዞ ሥራ ያስፈታዋል እንጂ የመርጋትን ኃይል ከፕላዝማው አያጠፋም፤ ስለዚህ ካልሲየም ሲጨመርለት ፕላዝማው እንደገና ይረጋል። እ.ኤ.አ. በ1914 አልበርት ኡስተን በብራስልስ፣ ሉዊስ አጎቴም በቡዌኖስ አይረስ በሲትሬት እንዳይረጋ የተደረገ ደም ለሕመምተኞች ሰጡ። በ1915 ሪቻርድ ሌዊሶን በኒውዮርክ 0.2 በመቶ ያህሉ ደሙን እንደሚያግድ፣ ሰውንም እንደማይጎዳ አሳየ። ከዚያ በኋላ ሰጪና ተቀባይ ጎን ለጎን መተኛታቸው ቀረ።

ዛሬ የባለሙያው ጭንቀት ሌላ ነው፤ ይኸውም መጠን። ለመርጋት ምርመራ 3.2 በመቶ ከሆነው ሲትሬት 1 እጅ ለ9 እጅ ደም ይሰጣል። ክዳኑ ሰማያዊ በሆነው ቱቦ ውስጥ 0.3 ሚሊ ሊትር ካለ 2.7 ሚሊ ሊትር ደም ይጠበቃል። ደም ሥሩ አልገኝ ብሎ 1.5 ብቻ ቢቀዳና «ምን ይጎዳል» ተብሎ ቢታለፍስ? የተረፈው ሲትሬት ለምርመራው የሚጨመረውን ካልሲየም ይሻማል፤ የመርጋቱም ጊዜ በሐሰት ይረዝማል። መሣሪያው አያጉረመርምም፤ ቁጥሩ ጤነኛ ቁጥር መስሎ ይወጣል። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ሕመምተኛ ከሆነ ሐኪሙ ያን ቁጥር አምኖ ዋርፋሪኑን ይቀንሳል፤ በቫልቩም ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ሄማቶክሪቱ ከ55 በመቶ በላይ በሆነ ሰውም፣ ቱቦው በትክክል ተሞልቶ እንኳ፣ ፕላዝማው ጥቂት ስለሆነ ሲትሬቱ መቀነስ አለበት።

በሕመምተኛው ሰውነት ውስጥ የገባውን ሲትሬት በአመዛኙ ጉበት ያቃጥለዋል። ብዙ ከረጢት ደም በፍጥነት ሲሰጥ ግን ጉበት ሊዘገይ፣ ካልሲየም ሊወርድ ይችላል። የከንፈር ዙሪያ መደንዘዝና የጡንቻ መኮማተር ምልክቶች ናቸው፤ ልብም ይታወካል። ማካካሻው ካልሲየም ሲሆን፣ ደሙ በሚወርድበት መስመር አይሰጥም፤ እዚያው ያረጋዋልና።

ከደም ውጭ ካሉት አገልግሎቶቹ አንዱ ለተቅማጥ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው። ቀድሞ ይጨመር የነበረው ቢካርቦኔት በሙቀትና በእርጥበት ከግሉኮሱ ጋር ቶሎ ይበላሽ ስለነበረ ሲትሬት ተተካበት፤ ለ1 ሊትር ውኃ 2.9 ግራም።