ልጆቻችን ግቢ ገብተው ሲጨነቁ

(መሃል ሜዳ በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እዚህ ቆመን ሁልጊዜ የምናቀርበው የገቢና የወጪ ሒሳብ ነው። ዛሬ ግን በመዝገባችን በአንድ መስመር ብቻ የተጻፈ ጉዳይ ይዘን መጥተናል፤ «ለተማሪ ልጆች ድጋፍ» የሚለውን። ከዚህ መስመር ለትራንስፖርት፣ ለብርድ ልብስና ለደብተር ከፍለናል። ልጁ ግቢ ከገባ በኋላ መንፈሱ ሲደክም የሚረዳው ግን ምንም አልመደብንም።

ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የሚወጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚደርሰው ብዙ ታግሎ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ ሲዘልቅ የአካባቢያችን ልጆች ያዩትም ከልባቸው አልጠፋም። መንደሩ ሁሉ ተስፋ የጣለበት ልጅ አንድ ትምህርት ቢከብደው ለማን ይነግራል?

ስለዚህ ዝም ይላል። እኛም ዝምታውን ኩራት ነው፣ ስንፍና ነው፣ ሲብስም ዓይን በልቶት ነው እንላለን። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት፣ ከሰው መሸሽ፣ የሚወዱትን ነገር መተው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ድባቴ ሊሆን ይችላል። የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ ማላብ፣ ገና ያልመጣን ነገር ሌት ተቀን ማብሰልሰል ደግሞ የጭንቀት ምልክቶች ናቸው። ሁለቱም ሕክምና አላቸው።

ከሚረዱት መንገዶች አንዱ ባለሙያዎች ማይንድፉልነስ የሚሉት የአስተውሎት ሥልጠና ነው። ጆን ካባት-ዚን የተባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሥልጠና ስምንት ሳምንት የሚፈጅ ነው። ሠልጣኞች በሳምንት አንድ ቀን ይሰበሰባሉ፤ በቀሩት ቀናት ቤታቸው ይለማመዳሉ።

ልምምዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የበግ ጠጉር ስንፈትል ክሩ ይበጠሳል። ተበጠሰ ብለን እንዝርቱን አንወረውርም፤ ጫፉን ቀጥለን መፍተላችንን እንቀጥላለን። ተማሪውም ተቀምጦ ትንፋሹን ይከታተላል። «እወድቃለሁ፣ ቤተሰቤን አሳፍራለሁ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ከሐሳቡ ጋር አይጣላም፣ አብሮትም አይነጉድም፤ «ይህ ሐሳብ ነው» ብሎ ወደ ትንፋሹ ይመለሳል። መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ ይመለሳል። እኛ የሒሳብ ሠራተኞች ደረሰኝ የሌለውን ወጪ አንመዘግብም፤ «እወድቃለሁ» የሚለው ሐሳብም ደረሰኝ የለውም። ይህ ጸሎትን የሚተካ፣ ጠበልንም የሚያስቀር አይደለም።

ውጤቱም ተፈትኗል። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 በ616 ተማሪዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከተለመደው የዩኒቨርሲቲው ድጋፍ በተጨማሪ ይህን ሥልጠና እንዲወስዱ የተመደቡት፣ በፈተና ሰሞን የነበረባቸው ጭንቀት ካልተመደቡት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ልክ የሌለው ተስፋ ግን አንሰጥም። በካምብሪጁ ጥናት ሕመማቸው የበረታ ተማሪዎች አልተካተቱም። መሞትን የሚያስብ ልጅ ሥልጠና ይጠብቅ አይባልም፤ ብቻውን ሳይተው የዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ጦርነት ያየ ልጅም ዓይኑን ጨፍኖ መቀመጥ ሊያስፈራው ይችላል። እንዲህ ያለው ዓይኑን ገልጦ ወይም እየተራመደ መለማመድ ይችላልና፣ አሠልጣኙ ይህን የሚያውቅ ባለሙያ መሆን አለበት።

እንግዲህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ተማሪዎች ለክረምት ዕረፍት ሲመጡ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለስምንት ሳምንት ሥልጠናው በአዳራሻችን ይሰጥ። አዳራሹም አግዳሚ ወንበሩም የራሳችን ነው። ትልቁ ወጪ የአሠልጣኝ አበልና መጓጓዣ ነው። ባለሙያ እንዲመድቡልን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን በደብዳቤ እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ሕክምና ለሚያስፈልገው ልጅ ደርሶ መልስ የትራንስፖርት ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፤ ለሌላ ጉዳይ አይነካ። ለደጋፊዎቻችን በምንልከው ሪፖርት የሠልጣኝ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። የልጆቻችን ምሥጢር ከመዝገባችን እንዳይወጣ ኃላፊነቱ የእኛ ነው።

ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ስልክ ስንደውል «ውጤት እንዴት ነው?» ከማለታችን በፊት «እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግብ ትበያለሽ? ከማን ጋር ታወራላችሁ?» እንበል። መልሱንም ሳንቆጣና ሳናቋርጥ እንስማ። ልጃችን ትምህርቱን አቋርጦ ቢመጣ እንኳ በሩ ክፍት እንደሆነ ከእኛ አፍ ይስማ፤ ከጎረቤት ወሬ አይደለም።

እናቶቻችን፣ ይህን ልጅ ለማስተማር በግ ሸጣችኋል፤ ከዕቁብ ተበድራችኋል። ያን ሁሉ ያደረጋችሁት ለወረቀቱ ብላችሁ አይደለም፤ ለልጁ ነው። ሐሳቡን ተወያዩበት፣ ጨምሩበት፣ ቀንሱለት፤ ከዚያ ድምፅ ስጡበት።